ቤታ ዓሣን ባሕር ዳር ውስጥ በጤና ማኖር፦ ውሃው፣ ሙቀቱና ጨዋታው

ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «ውሃውን በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ እቀይርለታለሁ፣ ምግብም አይጎድልበትም፤ ታዲያ ለምን ሞተ?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ውስጥ አለ። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ስለምትቀይሩት ነው። ሁለተኛው ገዳይ ደግሞ የባሕር ዳር ሌሊት ነው።

ከተማችን ሞቃት ናት ብለን ስለምናስብ ሌሊቱን እንረሳዋለን። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውጭው ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ካለው ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ቤታ ግን የታይላንድና የአካባቢው ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለውና ብዙም የማይፈስ ውሃ ልጅ ነው። የሚመቸው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የማያቋርጥ መዋዠቅ ነው፤ ቀን 27፣ ሌሊት 19 የሆነ ውሃ ቀስ በቀስ ይገድለዋል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው። ውሃው ዛሬም ነገም ያው እንዲሆን ማድረግ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ የመስታወት አኳሪየም፣ ከነክዳኑ
- ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር የአኳሪየም ማሞቂያ፣ 50 ዋት
- ቴርሞሜትር (ያለ እሱ ሁሉም ግምት ነው)
- የስፖንጅ ማጣሪያ ከትንሽ የአየር ፓምፕ ጋር፣ እንዲሁም ቱቦው ላይ የሚገባ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ
- ለዓሣው ብቻ የሚያገለግሉ ሁለት ባልዲዎችና አንድ ጆግ። ኦሞም ሆነ ላርጎ ነክቷቸው የማያውቅ መሆን አለባቸው
- ውሃ መቅጃ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ሁለት ሜትር ገደማ
- የታጠበ አሸዋ ወይም ለስላሳ ጠጠር
- መደበቂያና ተክል
- የቤታ ፔሌት (እንደ ትንንሽ ፍሬ የተድበለበለ ደረቅ ምግብ)
- ትንሽ የእጅ መስታወት፣ አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስና ጫፉ ቀይ የሆነ እንጨት (ለጨዋታው)

ማሞቂያና ፓምፕ ባሕር ዳር ውስጥ ካጣችሁ ከአዲስ አበባ አስልኩ። በማሞቂያው ፋንታ ምን ልጠቀም እንዳትሉኝ። አምፖል አይተካውም፤ ሌሊት በብርሃን እንቅልፍ ይነሳዋል።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ምረጡ

አኳሪየሙን ውሃ ከሞላችሁ በኋላ ማንቀሳቀስ አትችሉም። ባለ 20 ሊትሩ ከመስታወቱና ከጠጠሩ ጋር 30 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የማይነቃነቅ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል።

ከመስኮት አርቁት። ቀጥታ ፀሐይ ውሃውን ያግለዋል፣ አረንጓዴ አልጌም ያመጣል። ከበር ፊትም አርቁት፤ ማታ በሩ ሲከፈት የሚገባው ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ ቀላል አይደለም።

ቡና የሚፈላበት ክፍል ከሆነ በሌላኛው ጥግ አስቀምጡት። ቤታ በስንጥቡ ብቻ አይተነፍስም። ላቢሪንዝ የሚባል አካል ስላለው ወደ ላይ ወጥቶ እኛ የምንስበውን አየር ይስባል። የከሰሉ ጭስና ዕጣኑ ለሌላ ዓሣ ብዙም ላይደርሰው ይችላል፣ ለቤታ ግን ቀጥታ ይደርሰዋል። ቡናው ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ክዳኑን ዝጉና መስኮት ክፈቱ።

ደረጃ 2፦ አኳሪየሙን አሠሩ ወይም ግዙ

የተዘጋጀ ካላገኛችሁ መስታወት ቤት ማሠራት ይቻላል። ርዝመቱ 40፣ ስፋቱ 25፣ ከፍታው 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የመስታወቱ ውፍረት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል። እስከ 21 ሴንቲ ሜትር ስትሞሉት 21 ሊትር ይይዛል፣ ከላይ ለትንፋሽ 4 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል።

ሁለት ነገር ለባለሙያው አስረግጣችሁ ንገሩት። አንደኛ፣ ሲሊኮኑ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ፀረ ሻጋታ ኬሚካል ያለበት እንዳይሆን። ያ ኬሚካል ውሃ ውስጥ እየሟሟ ዓሣውን ይመርዛል። ሁለተኛ፣ የመስታወቱ ጠርዝ ይሞረድ፤ ልጆች እጃቸውን የሚያስገቡበት ነገር ነው።

ሲሊኮኑ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ታገሡ። ከዚያ ግቢ አውጥታችሁ ሙሉትና አንድ ቀን ተዉት። የሚያፈስ ከሆነ እዚያው ይታወቃል፤ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ከሚታወቅ ይሻላል። የሞላ አኳሪየም ግን በፍጹም አታንሡ፣ ቀድታችሁ አጉድሉት።

ክዳን የግድ ነው። ቤታ ይዘላል። መስታወቱ ላይ ጥቂት ቀዳዳ ወይም ጥግ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ክዳኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከውሃው በላይ ያለው አየር ሞቅ ብሎ ይቆያል። ዓሣው የሚስበው እሱን ነው።

ደረጃ 3፦ ጠጠር፣ ተክልና መደበቂያ አስገቡ

በአካባቢያችን ያለው ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ባዛልት ነው። ውሃ አይለውጥም፣ ይሆናል። ነገር ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ጠርዙ ስለት ነው፣ የቤታን ረጅም ክንፍ ይቀድዳል። በወራጅ ውሃ የለሰለሰውን ምረጡ። ነጣ ያለ ድንጋይ ካገኛችሁ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ ወይም አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ውሃው ውስጥ ማዕድን ያበዛልና ተዉት።

ጠጠሩን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቡ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ቀቅሉት። በደረቁ እሳት ላይ አታድርጉት፤ ውስጡ እርጥበት ያለው ድንጋይ ይፈነዳል።

ተክል በተመለከተ ቀላሉ ፖቶስ ነው። በየቤቱ በረንዳ ላይ የሚንጠለጠለው ሐረግ። ግንዱን ቆርጣችሁ ሥሩ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ውጭ እንዲሆን በክዳኑ ክፍተት አስገቡት። ሥሩ ከውሃው ውስጥ ቆሻሻ ይመገባል፣ ዓሣውም ሥሩ መሃል ይሸሸጋል። ሰው ሠራሽ ተክል ከገዛችሁ የጨርቁን ውሰዱ። የላስቲኩን ከመግዛታችሁ በፊት በእስቶኪንግ ዳብሱት፤ እስቶኪንጉን ከያዘ ክንፉንም ይይዛል።

ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ሰፊ ቅጠል ወይም መደብ ነገር ይኑር። ክንፈ ረጅሙ ወንድ ቤታ ቶሎ ይደክመዋል። አየር ለመሳብ ከታች እስከ ላይ በተመላለሰ ቁጥር ማረፊያ ይፈልጋል።

የደረቀ የሙዝ ቅጠል፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ቁራጭ፣ ማስገባት ይቻላል። ውሃውን የሻይ መልክ ይሰጠዋል፤ ያ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ብርሃኑን ስለሚያለዝብለት ይረጋጋል። ኬሚካል ካልተረጨበት ግቢ የተወሰደ ይሁን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን በጭራሽ፣ ዘይቱ መርዝ ይሆንበታል።

ደረጃ 4፦ ውሃውን አዘጋጁ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። እኛን ከበሽታ የሚጠብቀን ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። የቧንቧውን ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቅዱና ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳትከድኑ አቆዩት። አልፎ አልፎ አማስሉት፣ ክሎሪኑ ቶሎ ይተናል። ባልዲውን በሻሽ ሸፍኑት፤ አየር ያስወጣል፣ ትንኝ ግን አያስገባም። ባሕር ዳር ላይ ክፍት ውሃ ማስቀመጥ ወባ መጋበዝ ነው። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኛችሁ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፣ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ ተከተሉ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ከሮቶ ወይም ከበርሜል መቅዳታችሁ አይቀርም። እሱም ቢሆን በባልዲ ይረፍ። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ከሰዓት በኋላ ይግላል፣ ንጋት ላይ በረዶ ይሆናል፤ ቀጥታ ከእሱ ወደ አኳሪየም አታፍስሱ።

የማይሆኑትን ደግሞ ልንገራችሁ። «ውሃ አጋር» የተጨመረበት ውሃ አይሆንም፣ ክሎሪን ነውና። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ አይሆንም፤ ከቆርቆሮው የሚታጠበው ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው። የጣና ውሃም አይሆንም። «ዓሣ የሚኖርበት ውሃ እንዴት ለዓሣ አይሆንም?» የሚለኝ ብዙ ነው። ሐይቁ ውስጥ ያሉት ቀረሶና አምባዛ ከጥገኛ ተውሳኮቹ ጋር አብረው ኖረዋል፣ የእናንተ ቤታ ግን አልኖረም። ከሐይቁ ዳር የሚመጡት ቀንድ አውጣዎችም ቢልሃርዚያ ይዘው ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ለልጆቻችሁ ነው የሚተርፈው።

ደረጃ 5፦ ማሞቂያውን ግጠሙ፣ መብራት ሲጠፋም ተዘጋጁ

ማሞቂያውን 26 ላይ አድርጉ። ውሃ ውስጥ ካስገባችሁት በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ሶኬት ላይ ሰኩት፤ መስታወቱ ከውሃው ሙቀት ጋር ሳይስተካከል ከሰካችሁት ሊሰነጠቅ ይችላል። ቴርሞሜትሩን ከማሞቂያው ራቅ ባለው ጥግ አድርጉ። ጠዋት ስትነሡና ማታ ስትተኙ እዩት። በቃ፣ ይህቺ ልማድ ብቻ ብዙ ዓሣ ታድናለች።

ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይንጠልጠል። በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከታጠፈው ላይ ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ማሞቂያውን ንቀሉ። መብራት ሲመለስ በከፍተኛ ኃይል ሊመጣና ሊያበላሸው ይችላል። ከተረጋጋ በኋላ መልሳችሁ ሰኩ።

ለ. አኳሪየሙን በጋቢ ጠቅልሉት። ከላይ ትንሽ ክፍተት ተዉ።

ሐ. ከ3 ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ቴርሞሜትሩ ከ23 በታች ከወረደ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ፣ አጥብቃችሁ ዘግታችሁ አንሳፉት። የፈላ ውሃ ቀጥታ አትጨምሩ። ሙቀቱ በሰዓት ከአንድ ወይም ከሁለት ዲግሪ በላይ እንዲለወጥ አንፈልግም።

መ. ምግብ አትስጡ። በቀዘቀዘ ውሃ የበላው አይፈጭለትም።

ስለ ኦክስጅን አትጨነቁ። ፓምፑ ቢቆምም ቤታ አየር ከላይ ይስባል። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፦ ፓምፑ ከውሃው ወለል በታች ከተቀመጠ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን አልፎ ሶኬት ጋ ይደርሳል። ወይ ፓምፑን ከውሃው በላይ ስቀሉት፣ ወይ ቫልቩን ግጠሙ። ሁለቱንም ብታደርጉ ደግሞ የበለጠ።

ደረጃ 6፦ ውሃውን አላምዱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ብዙ ዓሣም የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ዓሣው ከስንጥቡም ከቆሻሻውም አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፣ ናይትሬት ግን በመጠኑ ይቻላል። ባክቴሪያዎቹ በበቂ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ።

ትክክለኛው መንገድ ማጣሪያውን ያለ ዓሣ ማስነሣትና በየሁለት ቀኑ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ መጨመር ነው። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፣ ባክቴሪያዎቹም እሱን እየበሉ ይራባሉ። ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ዓሣው ቀድሞ ቤት ከገባ (ልጅ ካስቸገረ ማን ይታገሣል) ለመጀመሪያው ወር በየሁለት ቀኑ ከውሃው ሩቡን ቀይሩ፣ ምግቡንም ቀንሱ። አሞኒያው እንዳይጠራቀም በእጅ ማውጣታችሁ ነው። ወዳጅ ቤት ጤነኛ አኳሪየም ካለ ከስፖንጁ ቁራጭ ለምኑ። ባክቴሪያው ተዘጋጅቶ ይመጣላችኋል፣ ጊዜውም ያጥራል።

ደረጃ 7፦ ዓሣውን አምጡና አስገቡ

ስትመርጡ ክንፉን ዘርግቶ የሚሄድ፣ ጣት ስታሳዩት ዞር የሚል፣ ሆዱ ያልተነፋ፣ ዓይኑ የጠራ ውሰዱ። ተኝቶ የሚያሳዝናችሁን አይደለም።

ከአዲስ አበባ በአውቶብስ የሚመጣ ከሆነ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት አይብላ። ላስቲኩ ውስጥ ሲሶው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው አየር ይሁን። ላስቲኩን በፎም ሳጥን አድርጉ። መንገዱ ከደጋው ብርድ ወደ ዓባይ በረሃ ሙቀት፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ደጋ ነው፤ ፎሙ ከሌለ ዓሣው ያን ሁሉ ለውጥ በአንድ ቀን ይቀምሳል።

ቤት ሲደርስ፦ የታሸገውን ላስቲክ አኳሪየሙ ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፉ። ሙቀቱ ይስተካከላል። ላስቲኩን ክፈቱና በየ5 ደቂቃው ግማሽ ሲኒ የአኳሪየም ውሃ ጨምሩበት፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚያ ዓሣውን በሲኒ ቀድታችሁ በቀስታ ልቀቁት። በመረብ አትያዙት፣ ክንፉ ይቀደዳል። የላስቲኩን ውሃ ወደ አኳሪየሙ አታፍስሱ፤ የሱቁን በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን መብራቱን አጥፉለት፣ ምግብም አትስጡት።

ደረጃ 8፦ መግቡት፣ በልክ

የቤታ ሆድ ከዓይኑ ብዙም አይበልጥም። ጠዋት ከ2 እስከ 3 ፔሌት፣ ማታም እንዲሁ። በሁለት ደቂቃ ያልበላውን አውጡ። በሳምንት አንድ ቀን ምንም አይብላ፣ አንጀቱ ይጸዳል። ለመርሳት እንዳይመች ዓርብን አድርጉት፤ ቤቱ ሁሉ ሲጾም እሱም ይጹም።

ቤታ ሥጋ በል ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ቆሎ አይሰጠውም። ሆዱን ይነፋዋል፣ የተረፈውም ውሃውን ያበላሻል። ፔሌት ካለቀባችሁ ቅመምና ጨው ያልነካው የተቀቀለ የቀረሶ ሥጋ፣ የስቴኪኒ ጫፍ ታህል፣ ለጥቂት ቀን ታሻግራችኋለች። የትንኝ እጭ ይወዳል፣ እውነት ነው። ግን ቤት ውስጥ እጭ ማርባት አልመክርም፤ አንዱ ካመለጠ ለቤተሰቡ ጦስ ነው።

የቤተሰብ ቤት ትልቁ ችግር ሁሉም መመገቡ ነው። ልጁ ጠዋት ይሰጣል፣ አያት እኩለ ቀን ላይ አሳዝኗቸው ይጨምራሉ፣ አባት ማታ ይደግማል። ክዳኑ ላይ በአንድ ወገን «በልቷል»፣ በሌላው «አልበላም» የሚል ካርቶን አንጠልጥሉ። የሰጠ ሰው ይገለብጠዋል።

ደረጃ 9፦ በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ቀይሩ

ማጣሪያ ካለ በሳምንት አንድ ጊዜ 5 ሊትር ገደማ። ማጣሪያ ከሌለ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሲሶውን። ከዚያ በላይ አይደለም።

1. ማሞቂያውን ንቀሉና 15 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ጎድሎ ማሞቂያው አየር ላይ ከቀረ ይሰነጠቃል።
2. በቱቦው ከጠጠሩ ላይ ቆሻሻውን እየሳባችሁ ወደ ባልዲ ቅዱ።
3. ስፖንጁ ከተደፈነ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይጨርሳል፤ የወር ሥራ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል።
4. አርፎ የቆየውን ውሃ ሙቀት ለኩ። ከአኳሪየሙ ጋር ካልተቀራረበ ጥቂት የሞቀ ውሃ ጨምራችሁ አስተካክሉ።
5. በጆግ፣ በእጃችሁ ላይ እያፈሰሳችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ።

የወጣውን ውሃ ለአበባ አጠጡ፣ ማዳበሪያ ነው።

ደረጃ 10፦ አጫውቱት

ቤታ ይሰለቻል። ባዶ መስታወት ውስጥ የሚኖር ቤታ አንድ ጥግ ይይዝና መስታወቱን እየታከከ ሲመላለስ ይውላል፣ አንዳንዱም የራሱን ጅራት ይነክሳል። ደግነቱ ቶሎ ይማራል። ልጆቹ የሚፈለጉት እዚህ ላይ ነው።

ጫፉ ቀይ በሆነው እንጨት ጀምሩ። ሁልጊዜ ከመመገባችሁ በፊት እንጨቱን መስታወቱ ላይ፣ በአንድ ቦታ፣ ከውጭ አስጠጉት። ሲጠጋው ወዲያው አንድ ፔሌት እዚያው ጣሉለት። እንጨቱ ማለት ምግብ እንደሆነ ሲገባው እንጨቱን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ውሰዱት፤ ይከተላችኋል። ከዚያ ውሃው ውስጥ ሰፊ የላስቲክ ቀለበት አንጠልጥላችሁ በቀለበቱ ውስጥ እንዲያልፍ ምሩት። ለዚህ የሚሰጠው ፔሌት ከዕለት ድርሻው ላይ ይቀነስ። ልጆች ምግብ ከውሃው በላይ ይዘው እንዲያዘልሉት ግን አትፍቀዱ፤ መዝለል የለመደ ዓሣ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ይዘላል።

የእጅ መስታወቱ ሌላው ጨዋታ ነው። ወንዱ ራሱን ሲያይ ባላንጣ መስሎት ክንፉንም የስንጥቡን ክዳንም ይነፋል። ይህ ለጡንቻው ስፖርት ነው። ግን ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ አይለፍ፣ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። ረስታችሁት ከሄዳችሁ ቀኑን ሙሉ ሲዋጋ ይውላል፣ ይታመማል። በተመሳሳይ ምክንያት ማታ ክፍሉ ጨልሞ የአኳሪየሙ መብራት ብቻ ከበራ መስታወቱ ራሱን ያሳየዋል፤ አጥፉለት።

የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሱን በሙቅ ውሃ ብቻ አጥባችሁ ውሃው ላይ ጣሉ። አንዳንዱ ይገፋዋል፣ አንዳንዱ ይሸሸዋል። ከሸሸው አውጡት፣ ባሕሪያቸው ይለያያል። በሁለት ሳምንት አንዴ አንዱን ድንጋይ ወይም ተክል ቦታ ቀይሩለት። ቤቱን እንደ አዲስ እየዞረ ይመረምራል። ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ፣ ግራ ይገባዋል።

መብራት በቀን ለ8 ወይም ለ10 ሰዓት ያህል ይብራለት። እንግዳ አምሽቶ ቴሌቪዥኑ እስከ ሌሊት ከበራ ከፊት በኩል ጨርቅ ጣሉበት። እሱም ይተኛል።

ማስጠንቀቂያ

- የፀረ ወባ ኬሚካል ርጭት ቤት ለቤት ሲመጣ ዓሣውን ከነውሃው ከቤት አውጡ። ነፍሳት የሚገድሉ ኬሚካሎች ለዓሣ እጅግ መርዛም ናቸው። ማውጣት ካልተቻለ ፓምፑን አጥፉ፣ ክዳኑን በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ሸፍኑ፤ ርጭቱ እንዳለቀ ክፍሉን አናፍሱና ግለጡት። የበረሮ ስፕሬይም ያው ነው።
- ሁለት ወንድ ቤታ አንድ ላይ አታድርጉ። ወንድና ሴትም ለየብቻ። ይገዳደላሉ። ከሐይቁ የመጣ የቀረሶ ጫጩትም አትጨምሩበት።
- እምቦጭ ለጌጥ ብላችሁ ከጣና አታምጡ። አበባው ያምራል፣ ግን ከቦታ ቦታ መውሰድ ራሱ ማዛመት ነው።
- ዓሣው ቢሰለቻችሁም ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ አትልቀቁት። ሐይቁ ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ የመጤ ዓሣ በሽታ አያስፈልጋቸውም። ለሚፈልግ ሰው ስጡት።
- እጅ ከማስገባታችሁ በፊት በውሃ ብቻ፣ ካወጣችሁ በኋላ በሳሙና ታጠቡ። ቁስል ያለበት እጅ አይግባ።
- ውሃ ውስጥ እጅ ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ልጆች ይህን በቃላቸው ይወቁት።

የተለመዱ ስህተቶች

«አረፋ ሠራ፣ ውሃው ተበላሽቷል።» አልተበላሸም። ወንድ ቤታ እንቁላል ለማኖር የአረፋ ጎጆ ይሠራል። ተዉለት።

«ማሰሮ የሚያህል ጠርሙስ ይበቃዋል።» ይቆያል እንጂ አይኖርበትም። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይመረዛል። ማሞቂያም አይገጠምለትም።

«አኳሪየሙን በኦሞ አጠብኩት።» በውሃና በኮምጣጤ ብቻ ይታጠባል። በረኪና የነካው ካለ ደጋግማችሁ አለቅልቃችሁ ለቀናት ፀሐይ ላይ አድርቁት።

«ፈዘዘ፣ ታች ተኛ፣ መድኃኒት ስጡኝ።» መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እዩ። ከ10 ጥሪ ብዙው እዚያ ላይ ያበቃል።

ሲታመም

ከየትኛውም መድኃኒት በፊት ሙቀቱን አስተካክሉ፣ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ሩቡን ውሃ ቀይሩ። የክንፉ ጫፍ መበላት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ሆዱ ከተነፋና ወደ ጎን ከተጋደመ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ምግብ ከልክሉት። ጨው የተነሰነሰበት የሚመስሉ ነጭ ነጠብጣቦች ካወጣ ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ ሙቀቱን በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 29 አድርሱና የነጭ ነጠብጣብ መድኃኒት ከአኳሪየም ሱቅ ፈልጉ። ቅርፊቱ በሙሉ ወደ ውጭ ከቆመ ግን ውስጡ ተጎድቷል። ለልጆቹ ከወዲሁ ንገሯቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም።

ምንም ያልተቀላቀለበት ጨው በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ፣ ቀድሞ በሲኒ ውሃ ሟሙቶ፣ ለክንፍ ቁስል ይረዳል። ከ10 ቀን አይለፍ። የሰው ቴትራሳይክሊን ከፍታችሁ አትበትኑበት፤ መጠኑ አይታወቅም፣ የማጣሪያውንም ባክቴሪያ ሊገድል ይችላል።

ለበዓል ስትሄዱ

ለጥምቀት ጎንደር ስትሄዱ ዓሣውን ይዛችሁ አትንከራተቱ። ጤነኛ ትልቅ ቤታ 4 ወይም 5 ቀን ሳይበላ ይቆያል። ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት ውሃውን ቀይሩ፣ መብራቱን አጥፉ፣ ማሞቂያውን አትንኩ። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ የእያንዳንዱን ቀን ፔሌት በወረቀት ጠቅልላችሁ ቀኑን ጻፉበትና ለጎረቤት ስጡ። የምግቡን ጠርሙስ ግን ደብቁት፤ አዝኖ የሚጨምር ጎረቤት አይጠፋም። መብራት ከጠፋ ማሞቂያውን እንዲነቅልና ጋቢውን እንዲያለብስ አሳዩት፣ ጋቢውንም አኳሪየሙ አጠገብ አጥፋችሁ አስቀምጡለት።